ማይክሮቲክ ሄክስ ራውተር በፋየርዎልነቱ ሲመዘን

ማይክሮቲክ «ሄክስ» በሚል ስም የሚሸጠው ትንሽ ራውተር በቤትና በአነስተኛ ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተከለው አንድን የኢንተርኔት መስመር ለብዙ ኮምፒውተሮች ለማካፈል ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ግን ሌላውን ሥራውን፣ ማለትም በውስጠኛው ኔትወርክና በኢንተርኔት መካከል ቆሞ የሚያልፈውን ከማያልፈው የሚለይበትን የፋየርዎልነት ሥራውን ነው። ራሱን የቻለ የፋየርዎል መሣሪያ የመግዛት አቅሙም ሆነ ምክንያቱ የሌለው ሰው ይህን ራውተር በአግባቡ አዋቅሮ መሠረታዊ ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። መልሴ «ይችላል» የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ ጥበቃው የሚጸናው በመሣሪያው ጉልበት ሳይሆን፣ ባለቤቱ ከፋብሪካ አብረው የመጡትን ደንቦች አንብቦ በመረዳቱ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ደንቦች ሳያነብ ይሰርዛቸዋል፣ ወይም ትርጉማቸውን ሳያጣራ ሌላ ይጨምርባቸዋል፤ የምርቱ ድክመት ተብሎ ከሚነገረው ውስጥ አብዛኛው የሚመነጨውም ከዚያ ነው።

ስለ አካሉ ብዙ የሚባል ነገር የለም። እዚህ የሚገመገመው አርቢ750ጂአር3 የተባለው ሞዴል በ880 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራም፣ 16 ሜጋባይት የውስጥ ማከማቻ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው አንድ ጊጋቢት የሚያስተላልፉ 5 የኬብል መሰኪያዎች አሉት። ዋይፋይ የለውም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን የጥበቃው ሥራ ከገመድ አልባው ሥርጭት ተለይቶ መቀመጡን እመርጣለሁ፤ የዋይፋይ ማሠራጫው ሲያረጅ ደንቦቹን ሳይነኩ እርሱን ብቻ መለወጥ ይቻላልና። ማከማቻው ጠባብ ስለሆነ ተጨማሪ ፓኬጆችን የሚጭን ሰው ሶፍትዌሩን በሚያዘምንበት ጊዜ ቦታ ሊያጥረው ይችላል፤ ስለዚህ የማያስፈልግ ነገር አለመጫን ይመረጣል።

የመሣሪያው ዋና ዋጋ ያለው ራውተርኦኤስ በተባለው ሥርዓተ ክወናው ላይ ነው። ማይክሮቲክ በ1996 እ.ኤ.አ. በላትቪያ የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፣ ይህን በሊኑክስ ከርነል ላይ የተገነባ ሥርዓተ ክወና ከትንንሾቹ ራውተሮች እስከ ትልልቆቹ ድረስ ይጠቀምበታል። በዚህ ምክንያት በውድ መሣሪያ ላይ ያለው የፋየርዎል ችሎታ በትንሹ ሄክስ ላይም በሙሉ ይገኛል፤ የሚለያዩት በፍጥነት ነው። በሊኑክስ ላይ አይፒቴብልስ የተባለውን የፋየርዎል መሣሪያ ያወቀ ሰው ደንቦቹ በሦስት ሰንሰለቶች መከፈላቸውን ሲያይ ባዕድ አይሆንበትም። ወደ ራውተሩ ወደ ራሱ የሚመጣው ፓኬት፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚጓዘው የመረጃ ቁራጭ፣ በኢንፑት፣ በራውተሩ አልፎ ወደ ሌላ የሚሄደው በፎርዋርድ፣ ራውተሩ ራሱ የሚልከው ደግሞ በአውትፑት ሰንሰለት ይመዘናል። በዚህ ሥራ አዲስ የሆኑ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚደናገሩት በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ነው፤ አንድን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ለማገድ ብለው ደንቡን በኢንፑት ላይ ይጽፉና ለምን እንዳልሠራ ይገርማቸዋል። ያ ትራፊክ የሚያልፈው በፎርዋርድ ስለሆነ የኢንፑት ደንብ በጭራሽ አያገኘውም።

ከፋብሪካ የሚመጣው ቅንብር የመጀመሪያውን መሰኪያ የኢንተርኔት መግቢያ ያደርጋል፤ የቀሩትን አራቱን በአንድ ብሪጅ፣ ማለትም እንደ አንድ ኔትወርክ፣ ያገናኛል፤ ለውስጠኛው ኔትወርክም 192.168.88.1 የሚለውን የራውተር አድራሻ ይሰጣል። ከዚያም «ላን» (የውስጠኛው ኔትወርክ) እና «ዋን» (የኢንተርኔቱ አቅጣጫ) የተባሉ ሁለት የኢንተርፌስ፣ ማለትም የመገናኛ በሮች፣ ዝርዝሮችን ያዘጋጃል፤ ደንቦቹ የሚጻፉት በእነዚህ ዝርዝሮች ስም እንጂ በመሰኪያ ቁጥር አይደለም። በኢንፑት ሰንሰለት ላይ መጀመሪያ ቀድሞ የተመሠረተ ግንኙነት አካል የሆነው ፓኬት ያልፋል፤ ቀጥሎ ከየትኛውም የታወቀ ግንኙነት ጋር የማይገጥመው ይጣላል፤ ከዚያ አይሲኤምፒ (እንደ ፒንግ ያሉ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ መልእክቶች) ይፈቀዳል፤ በመጨረሻ ከላን ዝርዝር ውጭ የመጣ ማንኛውም ነገር ይጣላል። በመካከላቸው ለዋይፋይ ማስተዳደሪያ ተብሎ የገባ አንድ ደንብ አለ፤ እርሱን እዚህ ማተት አያስፈልግም። ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ከኢንተርኔት አቅጣጫ ራውተሩን ለመንካት የሚሞክረውን ሁሉ ለመመለስ በቂ ናቸው።

ይህ የሚሆነው ራውተሩ የሚያልፉትን ግንኙነቶች በሰንጠረዥ እየመዘገበ ስለሚከታተል ነው። አንድ ኮምፒውተር ወደ ውጭ ጥያቄ ሲልክ የምንጩና የመድረሻው አድራሻ፣ ፖርቶቹ (አገልግሎቶችን የሚለዩት ቁጥሮች) እና ፕሮቶኮሉ ይመዘገባሉ፤ መልሱ ሲመጣ ከዚያ መዝገብ ጋር ስለሚገጥም ለብቻው ደንብ ሳያስፈልገው ያልፋል። ሳይጠየቅ የመጣው ግን «አዲስ» ተብሎ ይፈረጅና የቀሩትን ደንቦች ይጋፈጣል። በአሮጌ ራውተሮች ላይ የነበሩት የፓኬት ማጣሪያዎች ይህን ትውስታ አያውቁትም ነበር፤ አንድ የቲሲፒ ፓኬት የነባር ግንኙነት መሆኑን የሚገምቱት በፓኬቱ ራስጌ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ አይተው ነው። ያን ምልክት ደግሞ ላኪው እንደ ፈለገ ሊያደርገው ይችላል። ሄክስን መሠረታዊ ፋየርዎል ብሎ መጥራት የሚያስችለው ዋናው ምክንያት ይህ የግንኙነት ክትትል ነው፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ደንብ የሚቀበል ራውተር ብቻ በሆነ ነበር።

የፎርዋርድ ሰንሰለቱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ስውሩ ችግር ያለው እዚያ ነውና። የኢንፑት የመጨረሻ ደንብ «ከላን ያልመጣውን ሁሉ ጣል» ይላል። የፎርዋርድ የመጨረሻ ደንብ ግን «ከዋን የመጣውንና ወደ ውስጥ እንዲመራ ያልተደረገውን አዲስ ግንኙነት ጣል» ነው የሚለው። ሁለቱ ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የመጀመሪያው የታወቀውን ብቻ ይፈቅድና ያልታወቀውን ሁሉ ይከለክላል፤ ሁለተኛው በስም የተጠራውን ብቻ ይከለክላል። አሁን የኢንተርኔት አገልግሎቱ በፒፒፒኦኢ፣ ማለትም በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል ከአቅራቢው ጋር በሚያገናኘው ስልት፣ የሚገኝ ነው እንበል። ባለቤቱ አዲስ የፒፒፒኦኢ ኢንተርፌስ ፈጥሮ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ ኢንተርፌሱን በዋን ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱን ቢረሳ፣ ኢንፑት እንደ ተዘጋ ይቆያል፤ ፎርዋርድ ግን ከዚያ አቅጣጫ ለሚመጣው ክፍት ይሆናል። የአድራሻ ትርጉሙም፣ ማለትም ኤንኤቲው፣ የሚሠራው በዚሁ ዝርዝር ስለሆነ ኢንተርኔቱ አይሠራም፤ ባለቤቱም ያን ጊዜ ከዝርዝሩ ይልቅ ለዚያ ኢንተርፌስ ብቻ የሚሆን የኤንኤቲ ደንብ በእጁ ይጽፋል። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ የፎርዋርድ ጥበቃው ግን የለም። በአይፒቪ4፣ ማለትም በቆየው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ የውስጡ አድራሻዎች ከሩቅ የማይደረስባቸው የግል አድራሻዎች ስለሆኑ ጉዳቱ በአብዛኛው በአቅራቢው ኔትወርክ ላይ ካሉ ጎረቤቶች ይመጣል እንጂ ከመላው ዓለም አይደለም፤ ቢሆንም ቀዳዳ ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ ሄክስን ለጥበቃ የሚያዋቅር ሰው መጀመሪያ የሚለውጠው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ሊሆን ይገባል እላለሁ፦ በፎርዋርድ መጨረሻ ላይ ሁሉንም የሚጥል ደንብ ማስቀመጥና፣ ከእርሱ በላይ ደግሞ ከላን ወደ ዋን የሚሄደውን የሚፈቅድ ደንብ መጻፍ። ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ወደ አንድ የውስጥ ኮምፒውተር እንዲያልፍ የተመሩ ፖርቶች ካሉም ለእነርሱ የሚሆን አንድ የፈቃድ መስመር ይጨመራል። ከዚያ በኋላ አዲስ የተፈጠረ ማንኛውም ኢንተርፌስ፣ ቪፒኤን (ከሩቅ የሚገናኝ የተመሰጠረ መስመር) ይሁን የእንግዳ ኔትወርክ፣ በግልጽ እስኪፈቀድለት ድረስ ዝግ ይሆናል። ይህ በተለይ ከሲስኮ ራውተሮች ዓለም ለሚመጡ ሰዎች አስፈላጊ ነው። በሲስኮ የመዳረሻ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ባይጻፍም ሁሉን የሚከለክል ደንብ አለ፤ በራውተርኦኤስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከየትኛውም ደንብ ጋር ሳይገጥም የሰንሰለቱን መጨረሻ ያለፈ ፓኬት ይፈቀዳል። ይህን ነባሪ ባሕርይ ከአንድ የምርጫ ሳጥን መለወጥ አለመቻሉን ከምርቱ እውነተኛ ጉድለቶች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የእንግዳ ኔትወርክ ወይም ለካሜራና ለስማርት ቴሌቪዥን የተለየ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች የሚወድቁበት ወጥመድም የዚሁ ዘመድ ነው። አዲስ ቪላን፣ ማለትም በዚያው ኬብል ላይ የተለየ ምናባዊ ኔትወርክ፣ ፈጥረው የተለየ የአድራሻ ክልል ይሰጡታል፤ ክልሉ ስለተለየ ብቻ ከዋናው ኔትወርክ የተነጠለ ይመስላቸዋል። ራውተር ግን ሥራው በአድራሻ ክልሎች መካከል ማመላለስ ነውና የሚከለክለው ደንብ እስከሌለ ድረስ ካሜራውን ከሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር ጋር ያለ ምንም ማቅማማት ያገናኘዋል። በሌላ በኩል በአንድ ብሪጅ ውስጥ ባሉ መሰኪያዎች መካከል የሚያልፈው ትራፊክ በመደበኛው ቅንብር በአይፒ ፋየርዎሉ ውስጥ አያልፍም። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ክልል ውስጥ ካሉና አንደኛው በቫይረስ ከተያዘ የፎርዋርድ ደንቦች ሁለተኛውን ሊያድኑት አይችሉም። ሄክስ ጥበቃ የሚሰጠው በክፍሎች መካከል ነው፤ ክፍሎቹን አስቀድሞ መከፋፈል የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ኤንኤቲ ራሱ ፋየርዎል ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ስለሆነ እርሱን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ኤንኤቲ ብዙ የግል አድራሻዎች በአንድ የሕዝብ አድራሻ እንዲጠቀሙ ያደርጋል፤ ከውጭ ሳይጠየቅ የመጣ ፓኬት ለማን እንደሚሰጥ ስለማያውቅም የመከላከል ውጤት አለው። ይህ ግን የአሠራሩ ተረፈ ምርት እንጂ የታቀደ ጥበቃ አይደለም፤ ራውተሩን ራሱን ደግሞ በፍጹም አይሸፍነውም። አንድ ፖርት ወደ ውስጥ በሚመራበት ጊዜ በሄክስ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ የፋብሪካው የፎርዋርድ ደንብ የተመራውን ግንኙነት በራሱ ማሳለፉ ነው። ምቹ ነው፤ የመምሪያውን መስመር የጻፈ ሰው ሌላ የፈቃድ ደንብ አያስፈልገውም። የዚያኑ ያህል ግን ለርቀት ዴስክቶፕ ተብሎ የተመራ 3389 ፖርት ያለ ሁለተኛ ሐሳብ ለመላው ዓለም ይከፈታል። ወደ ውስጥ መግባት የሚፈልገው የታወቀ ሰው ከሆነ በራውተርኦኤስ 7 ውስጥ ያለውን ዋየርጋርድ የተባለ ቪፒኤን መጠቀም እጅግ የተሻለ ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው በኢንፑት ላይ አንድ የዩዲፒ ፖርት መክፈት ብቻ ነው። መሣሪያዎች ፖርት እንዲመራላቸው በራሳቸው የሚጠይቁበት ዩፒኤንፒ ከፋብሪካ ተዘግቶ የሚመጣ መሆኑ ለማይክሮቲክ የሚያስመሰግነው ነው፤ ሲከፈት የውስጥ መሣሪያዎች ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ፖርት ማስመራት ይችላሉ።

የደንቦች ቅደም ተከተል ነገር በዚሁ በዋየርጋርድ ምሳሌ በደንብ ይታያል። በዊንቦክስ፣ ማለትም በማይክሮቲክ የማስተዳደሪያ ፕሮግራም፣ አዲስ ደንብ ሲጨመር ቦታው የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው። የኢንፑት መጨረሻ ደግሞ ሁሉን የሚጥለው ደንብ ያለበት ስለሆነ፣ የዋየርጋርድን ፖርት የሚፈቅደው አዲሱ ደንብ ከእርሱ በታች ያርፍና አንድም ፓኬት ሳይደርሰው ይቀራል። ደንቡ በይዘቱ ትክክል ነው፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። በእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ የሚታየው የፓኬትና የባይት ቆጣሪ ይህን ለማወቅ ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ነው፤ ዜሮ ላይ የቆመ የፈቃድ ደንብ ካለ ከበላዩ ያለውን መመልከት ነው። ቆጣሪዎቹ በግልጽ መታየታቸው፣ እንዲሁም በማንኛውም ደንብ ላይ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ማብራት መቻሉ፣ በቤት ራውተሮች ዘንድ ብዙም የማይገኝ በጎ ነገር ነው። ደንብ ተጨምሮም ቀድሞ የተጀመረ ግንኙነት ሳይቋረጥ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፤ ነባር ግንኙነቶችን የሚያሳልፈው መስመር ከላይ ስላለ አዲሱ ክልከላ አይደርስባቸውምና ከግንኙነት ሰንጠረዡ ላይ በእጅ መሰረዝ ያስፈልጋል።

ሌላው ከልብ የማደንቀው ነገር «ሴፍ ሞድ» የተባለው አሠራር ነው። ከሩቅ ሆኖ ፋየርዎል የሚያዋቅር ሰው አንድ የተሳሳተ መስመር ጽፎ ራሱን ከውጭ ሊቆልፍ ይችላል። ሴፍ ሞድ በርቶ ሳለ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ራውተሩ ሴፍ ሞዱ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ የተደረጉትን ለውጦች መልሶ ያፈርሳቸዋል። በዚህ ላይ ዊንቦክስ በአይፒ አድራሻ ብቻ ሳይሆን በማክ አድራሻም (በመሣሪያው የሃርድዌር አድራሻ) መገናኘት ስለሚችል፣ በአንድ ኬብል የተገናኘ ሰው የአይፒ ደንቦቹ ቢዘጉበትም ሊገባ ይችላል። ይኸው መግቢያ ለባለቤቱ የሚጠቅመውን ያህል ለሌላውም ሊጠቅም ስለሚችል ለላን ብቻ የተፈቀደ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል፤ በፋብሪካው ቅንብር እንደዚያው ነው።

አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ስለሆነው ስለ አይፒቪ6 አስጠንቅቄ ካላለፍኩ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። በአይፒቪ6 እያንዳንዱ መሣሪያ በመላው ኢንተርኔት ሊደረስበት የሚችል አድራሻ ሊኖረው ይችላል፤ ኤንኤቲ የሚባለው የአጋጣሚ መጋረጃ የለም። ራውተርኦኤስ ለአይፒቪ6 ፈጽሞ የተለየ የፋየርዎል ሠንጠረዥ አለው፤ በአይፒቪ4 ላይ የተጻፈ ደንብ እዚያ ምንም ዋጋ የለውም። ከሰባተኛው የራውተርኦኤስ ትውልድ ጋር የሚመጣው የፋብሪካ ቅንብር ለአይፒቪ6ም ጥሩ ደንቦችን ይዟል፤ እንዲያውም የፎርዋርድ መዝጊያው ከላን ያልመጣውን ሁሉ የሚጥል በመሆኑ ከአይፒቪ4ቱ ይበልጣል። ችግሩ ያለው ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው በተሻገሩት ላይ ነው። በስድስተኛው አይፒቪ6 ተዘግቶ የሚመጣ የተለየ ፓኬጅ ነበር፤ በሰባተኛው የሥርዓቱ አካል ሆኗል፤ ሶፍትዌርን ማዘመን ደግሞ የነበረውን ቅንብር አይለውጥም። ስለዚህ የተሻገረ ራውተር የአይፒቪ6 ሠንጠረዡ ባዶ ሊሆን ይችላል። የሚጠበቅበት የፋብሪካው ደንብ ምን እንደሚመስል ከራውተሩ በትእዛዝ መስመር ማውጣት ስለሚቻል ከዚያ ላይ አይቶ መጻፍ ይቻላል። እዚህ ላይ አይሲኤምፒን ለደኅንነት ብሎ መዝጋት የሚወዱ ሰዎች ይታገሡ፤ በአይፒቪ6 ጎረቤትን ማግኘትም ሆነ መስመሩ የሚሸከመውን የፓኬት መጠን ማወቅ የሚከናወነው በእርሱ ነው፤ ከተዘጋ ጥበቃ ሳይሆን የተሰናከለ ኔትወርክ ነው የሚገኘው።

የምርቱን ስም በጥበቃ ረገድ ያጎደፈው የ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) ታሪክ ነው። በደኅንነት ቀዳዳዎች መዝገብ ሲቪኢ-2018-14847 ተብሎ የሰፈረው የዊንቦክስ ቀዳዳ አጥቂው የይለፍ ቃል ሳይኖረው የተጠቃሚዎችን መዝገብ ከራውተሩ እንዲያነብ ያስችል ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ማስተካከያ አወጣ፤ ነገር ግን ሳይዘምኑ የቀሩ እጅግ ብዙ ራውተሮች ተጠልፈው በተጠቃሚዎች ገጽ ላይ የክሪፕቶ ማዕድን ማውጫ ኮድ ለመለጠፍና ለሌላም ተግባር ውለዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ሜሪስ የተባለው የጥቃት ኔትወርክ ሲከሠት ማይክሮቲክ የተናገረው፣ በውስጡ የተገኙት ራውተሮች በ2018 የተጠለፉት ራሳቸው መሆናቸውን ነው፤ ሶፍትዌራቸው ቢዘምንም የተሰረቀው የይለፍ ቃል ስላልተለወጠ አጥቂዎቹ በሕጋዊው በር መግባታቸውን ቀጠሉ። ይህን የማነሣው ለመክሰስ ሳይሆን ለዚህ ግምገማ ቀጥተኛ ጉዳይ ስለሆነ ነው፦ የፋብሪካው የኢንፑት መዝጊያ ደንብ ባልተነካበት ራውተር ላይ 8291 የተባለው የዊንቦክስ ፖርት ከኢንተርኔት አይታይም ነበር። የተጋለጡት ከቤት ውጭ ሆነው ለማስተዳደር ሲሉ ያን ፖርት የከፈቱ ወይም የፋብሪካውን ደንቦች ያጠፉ ናቸው።

ከዚህ ተነሥቶ የአስተዳደር በሮችን ማጥበብ ከደንቦቹ እኩል ትኩረት ይገባዋል። ራውተሩ በብዙ እትሞች ቴልኔትን (ያልተመሰጠረ የርቀት ትእዛዝ መስመር)፣ ኤፍቲፒን (ፋይል ማስተላለፊያ)፣ የድር ገጽ ማስተዳደሪያንና ኤፒአይን (የፕሮግራሞች መግቢያ) ሳይቀር ለውስጠኛው ኔትወርክ ክፍት አድርጎ ይመጣል። የአብዛኛው ሰው ፍላጎት በዊንቦክስና በኤስኤስኤች (በተመሰጠረው የትእዛዝ መስመር) ይሸፈናል፤ የቀሩትን መዝጋት፣ እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ከተወሰኑ አድራሻዎች ብቻ እንዲቀበሉ ማድረግ ያስፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን የሰበሰበው ረቂቅ ስልት ተጠቅሞ አይደለም፤ በቴልኔት እየገባ የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን በመሞከር ነው። በቅርብ ዓመታት የሚመረቱት የማይክሮቲክ መሣሪያዎች በተለጣፊ ወረቀት ላይ የተጻፈ የየራሳቸው የይለፍ ቃል አላቸው፤ የቀድሞዎቹ ግን «አድሚን» ከሚል ስም ጋር ባዶ የይለፍ ቃል ይዘው ይመጡ ነበር።

የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስም እንዲሁ ነው። ሄክስ ለውስጥ ኮምፒውተሮች የስም ጥያቄ እንዲመልስ የሚያስችለው ምርጫ ሲበራ ራውተሩ በ53 ፖርት ከየትኛውም አቅጣጫ የመጣን ጥያቄ ለመመለስ ዝግጁ ይሆናል፤ የሚያግደው የኢንፑት ፋየርዎል ብቻ ነው። ደንቦቹን ያጠፋ ሰው ራውተሩን ሌሎችን ለማጥቃት የሚያገለግል ክፍት የዲኤንኤስ መላሽ አድርጎ ሊያገኘው ይችላል፤ ከአቅራቢው ዘንድ ቅሬታ እስኪመጣ ድረስ ላያውቀውም ይችላል።

በፍጥነት በኩል ሄክስ ደንብ ሲበዛበት ይዝላል፤ ይህን የሚያካክሰው «ፋስትትራክ» የተባለው ስልት ነው። ደንቡ አንድን ነባር ግንኙነት አንዴ ካጸደቀ በኋላ የዚያ ግንኙነት ፓኬቶች አብዛኞቹን የማጣሪያ እርምጃዎች ዘለው እንዲያልፉ ያደርጋል። ለመሠረታዊ ፋየርዎል ጥሩ ስምምነት ነው፤ ውሳኔው የሚሰጠው በመጀመሪያው ፓኬት ላይ ስለሆነ ከጥበቃ የሚጎድል ነገር ብዙም የለም። የሚጋጨው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የፍጥነት ገደብ ማበጀት ከሚፈልጉ ሰዎች ፍላጎት ጋር ነው፤ ፋስትትራክ የያዘው ትራፊክ ቀላል የወረፋ ገደቦችንም ስለሚዘል ገደቡ የተጻፈ እንጂ የሚሠራ አይሆንም። ያን ጊዜ ፋስትትራክን ማጥፋት ወይም ለተወሰኑ አድራሻዎች ብቻ መተው ይገባል፤ ፕሮሰሰሩም ሸክሙን በሙሉ ይቀበላል።

ከሄክስ የማይጠበቀውን መጠበቅ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። የሚያየው አድራሻን፣ ፖርትንና የግንኙነት ሁኔታን ነው፤ በተመሰጠረ ግንኙነት ውስጥ ያለውን ፋይል ከፍቶ ቫይረስ አይፈልግም፣ የተጭበረበረ ኢሜይል አይለይም። ድረ ገጾችን በይዘት ለማገድ «ሌየር7» የተባለውን ማጣሪያ የሚሞክሩ ሰዎች የሚያተርፉት በሥራ የተወጠረ ፕሮሰሰር ነው፤ ትራፊኩ የተመሰጠረ በመሆኑ የሚያነበው ጥቂት ነውና። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውም በፋብሪካው ቅንብር ሙሉ በሙሉ የተፈቀደ ነው። እዚህ ላይ በትንሽ ድካም ብዙ ማግኘት ይቻላል፤ ለካሜራዎችና ለፕሪንተሮች የተለየ ክፍል ከተሠራ በኋላ ወደ ኢንተርኔት የመውጣት ፈቃድ መንሣት፣ ወይም ከደብዳቤ ሰርቨሩ በቀር ማንም በ25 ፖርት እንዳይወጣ ማድረግ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር፣ ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ደንቦችን በዞኖች ስለሚያደራጅና የዋን ዞንን ከመጀመሪያው ዝግ ስለሚያደርግ ለጀማሪ አስተሳሰቡ ይቀላል፤ አዲስ ዞን ካልተፈቀደለት ወደ ሌላው አያልፍም። ፒኤፍሴንስ የተባለው የፋየርዎል ሶፍትዌር ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ለብቻው ኮምፒውተር ይፈልጋል። ሄክስ የሚበልጣቸው በትንሽ አካል ውስጥ ከቪላን እስከ ቪፒኤን ሁሉንም አሟልቶ በመያዙና ኩባንያው ለቆዩ መሣሪያዎችም ለረጅም ዓመታት ማዘመኛ ማውጣቱን በመቀጠሉ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ «ጥበቃው በርቷል» የሚል መልእክት ማየት ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም። የኔትወርክን መሠረት ለሚያውቅ ወይም ጊዜ ሰጥቶ ለመማር ፈቃደኛ ለሆነ ግን፣ በተለይም ለአነስተኛ ቢሮ፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።

በሁለተኛ እጅ ለሚገዛው የምጨምረው አንድ ነገር አለ። የቀድሞው ባለቤት የተወው የተጠቃሚ ስም፣ በጊዜ ሰሌዳ የሚነሣ ስክሪፕት ወይም የተደበቀ የቪፒኤን መስመር በውስጡ ሊኖር ይችላል። መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ፣ ማይክሮቲክ በነጻ በሚሰጠው ኔትኢንስቶል በተባለው ፕሮግራም ሶፍትዌሩ ከሥር እንደገና ሊጫንበት፣ ከዚያም የፋብሪካው ቅንብር መመለሱ በዓይን ተረጋግጦ አዲስ የይለፍ ቃል ሊሰጠው ይገባል፤ የዋኑ ኬብል የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው።